ቱሉ ዲምቱ ላይ በዕድር ድንኳን ያዘጋጀነው የዲዛይን ኤግዚቢሽን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ተወሰነ። የዲዛይን ኤግዚቢሽን እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ እናዘጋጃለን። ቀኑ ታኅሣሥ 10 እና 11፣ ቅዳሜና እሑድ። መግቢያ በነፃ።

ቀኑን የመረጥነው አየሩን አይተን ነው። ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ብዙም አያሰጋም፣ ብርዱም ማታ ማታ ነው። ጾሙ ደግሞ ይመቸናል። በነቢያት ጾም ሰርግ የለም፣ ድንኳንና ወንበር የሚሻማ ሰው አይኖርም። ለመስተንግዶ ቡናና ቆሎ ይበቃል። ማንም "ኬኩስ?" ብሎ አይጠይቅም።

መሀል ከተማ ለምን አይሆንም ያለን ሰው ነበር። ጋለሪዎቹ በአብዛኛው ቦሌ፣ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ናቸው። መክፈቻው አመሻሽ ላይ ነው። ከዚህ ተነስቶ ታክሲ እየቀያየሩ መሄዱስ ይሁን፤ ሲያልቅ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚጭን መፈለግ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ልጅ ያላት ሴት ጭራሽ አታስበውም።

አራት ነን። እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። አንዷ የሥዕል አስተማሪ ናት። አንዱ ጎረቤቴ አርክቴክቸር የተማረ ነው። አራተኛው ማተሚያ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። መጀመሪያ ያሰብነው የራሳችንን ሥራዎች መስቀል ነበር፣ ፖስተር፣ ሎጎ፣ የሕንፃ ሞዴል። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ዝም ብሎ ሲሰማን ቆየና "ጉልት የሚቸረችሩት እትዬ ይሄን መጥተው ምን ያደርጉታል?" አለ። መልስ የሰጠው የለም። ሻይ አዘዝንና ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ፦ ሰፈሩ ውስጥ ማን ምን ሠርቷል?

ጥቅምት 11

ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያዘጋጅ ሳነብ አመሸሁ። ሚላኖ ታዋቂውን የቤት ዕቃ ትርኢት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ትልቅ አዳራሽ፣ ትልልቅ አምራቾች። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ከአዳራሹ ውጭ ያለው ነገር እየገነነ መጣ። በየሱቁ፣ በየጓሮው፣ ሥራ ባቆሙ ወርክሾፖች ውስጥ ማሳየት ተለመደ። ለንደንም የዲዛይን ፌስቲቫሏን እ.ኤ.አ. በ2003 ስትጀምር ከተማው ውስጥ ባሉ ብዙ ቦታዎች ላይ በትና ነው። ገንዘቡ የእኛ አቅም አይደለም። ሐሳቡ ግን ነፃ ነው፦ አዳራሽ አትከራይ፣ ያለውን ቦታ ክፈት።

ከራሳችን ከተማ ደግሞ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም አስባለሁ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው እዚያ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ግድግዳውን መዳሰስ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሰዉ የራሱን ዕቃ እንደዚያ ቆም ብሎ እንዲያየው ነው የምፈልገው።

ያለን ነገር ይኸው፦ ሰፊ ግቢ፣ የጋራ መገልገያ ቤት፣ ዕድር።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

የዕድር ስብሰባ ላይ ገባሁ። ሊቀመንበሩን ጋሼ ነው የምላቸው፣ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሰው ናቸው። ለመናገር ዕድል ሰጡኝ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ብርጭቆና ጀበና እንዲያውሱን ጠየቅኩ።

መተዳደሪያ ደንቡ ተነበበ። ለለቅሶ በነፃ፣ ለሰርግ በኪራይ ይላል። ስለ ኤግዚቢሽን የሚል ነገር የለውም። አንድ አባት "ሰርግ ካልሆነ ለቅሶ ነው በሉትና ስጧቸው" ብለው ሳቅ ሆነ። ክርክሩ ግን ከባድ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ እናት ዋናውን ጥያቄ አመጡት፦ "በዚያ ቀን ሰው ቢሞትስ?"

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። "ሰው ከሞተ ድንኳኑ ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ። ትችያለሽ?"

እችላለሁ አልኩ። በዚህ ቃል ተሰጠን፣ በነፃ።

ማታ አርክቴክቱ ጎረቤቴ ሲሰማ ደስ አለው። እሱ እንዲህ ያለ ገደብ ይወዳል። ድንኳኑ ላይ ምንም ነገር አንሰቅልም ማለት ነው። የሚታየው ሁሉ በራሱ እግር ይቆማል። ጣሪያው ቢነሳ ኤግዚቢሽኑ ባለበት ይቀራል። እስካሁን ካገኘነው የዲዛይን መመሪያ ሁሉ ጠቃሚው ይሄ ነው። የመጣውም ከኋላ ወንበር ነው።

ጥቅምት 22

ዕቃ ፍለጋ ብሎክ በብሎክ ዞርን። ይሄ ቀን ለብቻው ኤግዚቢሽን ነበር።

መጀመሪያ ብየዳ ቤቱ። ልጁ በርና መስኮት ነው የሚሠራው። ከሥራ በተረፈ ቁርጥራጭ ቱቦላሬ በረንዳ ላይ የሚንጠለጠል የልብስ ማስጫ ሠርቷል። ይታጠፋል። ከሥሩ ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ አለው፣ ውሃው ወደ አንድ ጥግ ወርዶ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ለምን እንዲህ አደረግከው ስለው "ታች ያሉት ሴትዮ ሲሰድቡኝ ሰለቸኝ" አለኝ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ከላይ ልብስ ይሰጣል፣ ከታች ያለው በረንዳ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጎረቤት ይጣላል። የዚህ ልጅ ቱቦ ጠቡን ፈቶታል።

ሁለተኛው የጀሪካን ጋሪ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የማይገፋ የለም። አንድ ወጣት አራት ኩሽኔታ ላይ ሳንቃ መትቶ ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካን የሚችል ጋሪ ሠርቷል። 120 ሊትር በአንድ ግፊ። ፊት ለፊቱ ያሉት ኩሽኔታዎች በአንድ ብሎን ላይ ይዞራሉ፣ በገመድ ይመራል። ልጅ ሆነን ቁልቁለት ላይ የነዳነው ጋሪ ነው። እሱ ግን ብሬክ ጨምሮበታል፣ የጎማ ቁራጭ የተቸነከረበት እንጨት።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ። ስቱዲዮ ቤት ነው የምትኖረው፣ እዚያው ትሰፋለች፣ እዚያው ልጆቿ ይተኛሉ። የመቁረጫ ጠረጴዛዋ በማጠፊያ ግድግዳ ላይ ተይዟል። ቀን ይወርዳል፣ ማታ ይነሳል። ሲነሳ ጀርባው ላይ መስታወት አለው፣ ደንበኛ ይለካበታል። አርክቴክቱ ሜትሩን አውጥቶ መለካት ጀመረ። እሷ ግራ ገብቷት "ምን አጠፋሁ?" አለች።

የሊስትሮው ልጅ ሳጥን ደግሞ የእግር ማሳረፊያው ክዳኑ ነው። ውስጡ ለቡራሽ፣ ለቀለም፣ ለሳንቲም ተከፋፍሏል። ማንገቻው የመኪና ቀበቶ ነው።

ምርጥ ምድጃ የሚያመርቱ ሴቶችም አገኘን። ከአሸዋና ሲሚንቶ በቅርጽ ይወጣል፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን ይከብባል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ማገዶ ማንደድ ስለማይቻል የጋራ መገልገያው ቤት ነው የሚጋገርበት። የዚህን ምድጃ አሠራር ደረጃ በደረጃ እናሳያለን።

ሁሉም መጀመሪያ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ "ይሄ ምኑ ይታያል?"

አንድ ያላሰብነው ወጪም መጣ። ባለ ጋሪው ዕቃውን ሁለት ቀን ቢያውሰን ሁለት ቀን ጦሙን ያድራል። ስለዚህ የውሎ ክፍያ በጀት ውስጥ ገባ። ሊስትሮው ግን ሳጥኑን አልለቅም አለ፣ ልክ ነው። እሱ እዚያው እየሠራ ይታያል። መግለጫው አጠገቡ ይቆማል።

ኅዳር 2

የወረቀት ሥራ። ግቢው የጋራ ስለሆነ ቀድሞ የሚጠየቀው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው ማኅበሩ እንደሆነ ይላል። እነሱ በቃለ ጉባኤ ፈቀዱ። ከዚያ ለወረዳው የማሳወቂያ ደብዳቤ፣ ከዚያ ማህተም። ለጠየቀኝ ሁሉ ኮፒ እንድሰጥ ደብዳቤውን አባዝቼ ይዣለሁ። ስለዚህ ቀን ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለም።

ኅዳር 11

ነገ ኅዳር 12 ነው፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 የኅዳር በሽታ ከተማውን ከመታ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ለእኛ ደግሞ የካርቶን ገበያ ነው። ሰው ሁሉ ዛሬ ቤቱን እያጸዳ ነው። የቴሌቪዥን፣ የፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካርቶን ይወጣል። እኛ ደረጃ ለደረጃ እየዞርን "እንዳታቃጥሉት፣ ስጡን" እያልን ሰበሰብን። የቀረውን ከቆራሌው በኪሎ ገዛን። ቆራሌው ምን ልናደርግ እንደሆነ ሲሰማ ትንሽ ዋጋ ጨመረብን።

የፍሪጅ ካርቶን ድርብ ነው፣ ሁለት ሆኖ ሲጣበቅ እንደ ቺፑድ ቀጥ ይላል። መግለጫዎቹን ሁሉ በዚህ ላይ እንለጥፋለን።

ኅዳር 18

ኅትመት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኔ ሙያ ስለሆነ።

ሰው ኤግዚቢሽን ሲል ቶሎ የሚያስበው ፍሌክስ ባነር ነው። በካሬ ይታተማል፣ ያብረቀርቃል፣ ከሩቅ ይታያል። ግን ውድ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበትም ያንጸባርቃል፣ አይነበብም። እኛ አንድ ብቻ አሳተምን፣ ለመግቢያው። የቀረውን ሁሉ አርክቴክቶች ፕላን በሚያወጡበት ፕሎተር፣ በተራ ወረቀት፣ በጥቁርና ነጭ። የአንድ ትልቅ ባነር ዋጋ የግድግዳውን ሥራ በሙሉ ቻለው። ቀለም ከፈለግን የሥዕል አስተማሪዋ ተማሪዎች በእጃቸው ይቀባሉ።

ፊደሉ ነገር አለው። በፈረንጅ ፊደል የሚሠራ የመጠን ልክ ለግዕዝ ፊደል አይሠራም። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ ቅጥያ ላይ ነው። ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ርካሽ ወረቀት ላይ ቀለሙ ይሰፋና ጭረቷ ትዋጣለች። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ከ24 ነጥብ በታች አልወረድኩም። ኒያላ የሚባለውን የኮምፒውተር ፊደል ተውኩት፣ ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወሰድኩ፣ ወፈር ያለውን። የመስመር ርቀቱንም ሰፋ አደረግኩ።

ሙከራውን ጋሼ ላይ አደረግን። መነጽራቸውን አስወልቀን፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብለው አነበቡ። "ሌላውን ተዉት፣ ዋጋው አልተጻፈም" አሉ።

እውነትም ዋጋ አልጻፍንም ነበር። የሥዕል አስተማሪዋ ዋጋ ከተጻፈ ባዛር ይሆናል ብላ ፈርታለች። ረጅም ጭቅጭቅ። በመጨረሻ የተስማማነው የማቴሪያሉን ወጪ እንድንጽፍ ነው፦ ከምን ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ቁሳቁሱ ስንት ፈጀ። የመሸጫ ዋጋ የለም። መግዛት የሚፈልግ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገር። መግለጫው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። ትርጉሙን የሠራልን የብሎካችን መምህር ነው፣ ክፍያው ቡና።

ከፍታው ደግሞ የሥዕሉ መሀል ከመሬት 1 ሜትር ከ45 አካባቢ እንዲሆን ነው የተለመደው። እኛ ግን ከታች ሁለተኛ መስመር ጨመርን፣ ለልጆች። ግማሹ ጎብኚ ልጅ እንደሚሆን ገምተናል።

ኅዳር 25

ሒሳብ። ኅትመት 4,200 ብር። አጣና፣ ሲባጎና ሚስማር 2,600። የውሎ ክፍያ 3,000። ቡና፣ ስኳርና ቆሎ 1,900። የማታ ዘበኛ 800። ጭነት 1,000። በድምሩ 13,500 ብር። አራታችን 1,500፣ 1,500 አዋጣን። ዳቦ ቤቱ 3,000 ሰጠ። የቀረውን የግቢው ሱቆች አዋጡ።

ሱቆቹ ምን ጠየቁ? ምንም። ዳቦ ቤቱ ብቻ "ወንበሮቹ ወደኛ በኩል ይዙሩ" አለ።

በዚህ መሀል አንድ ድርጅት ሰማና ስፖንሰር ልሁን አለ። ያቀረበው ገንዘብ ከጠቅላላ በጀታችን ይበልጣል። የፈለገው የግቢውን ግማሽ ለምርቱ ድንኳን፣ ትልቅ ስፒከር፣ ስሙ ከኤግዚቢሽኑ ስም በላይ። የሥዕል አስተማሪዋ እንቀበል አለች። የውሎ ክፍያውን እጥፍ እናደርገዋለን፣ ለተማሪዎቼ ቀለም እገዛለሁ አለች። ነጥቧ ባዶ አልነበረም። እኔ ግን ግማሹ ግቢ ከሄደ የሚቀረው ምን እንደሆነ ታየኝ። ድርጅቱ ድንኳኑን ትቶ ስሙ ብቻ ይጻፍ ብንለው አልፈለገም። በዚያው ቀረ። አስተማሪዋ አሁንም አልተዋጠላትም። እንደዚህ ያለ ነገር በየጊዜው ይመጣል። በቅድሚያ ምን እንደማትሸጥ ጽፈህ ካላስቀመጥክ ብሩን ስታይ ነው የምትወስነው።

ታኅሣሥ 3

መቆሚያዎቹን ሠራን። አጣና ቆርጠን እንደ በር መቃን አሰርነው፣ በመሀሉ ካርቶኑ በሲባጎ ይወጠራል። እግሩን መሬት ውስጥ መቅበር አይሆንም። አፈራችን መረሬ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዛሬ የተከልከው ነገ ይነቃነቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን እግር ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ አቁመን ድንጋይና ጠጠር ሞላንበት። ባልዲዎቹን የሰጡን ፊኒሺንግ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ይሄ ማለት ሁለት ሰው ተሸክሞ ቦታ ይቀይረዋል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሳ። እዚህ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ንፋሱን የሚያቆመው የለም። ካርቶኑ እንደ ሸራ ነፋ፣ አንዱ መቆሚያ ተገለበጠ። አርክቴክቱ እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ቀዳዳ ከፈተ፣ አየር የሚያሳልፍ። ለልጆች ደግሞ ቀዳዳው ማጮለቂያ ሆነ። መቆሚያዎቹንም ቀጥ ብለው እንዳይሰለፉ፣ ጎን ለጎን በማዕዘን እንዲደጋገፉ አደረግን። ዳግመኛ አልወደቁም።

ታኅሣሥ 8፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ ከእኛ ማዶ ባለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አባት አረፉ። ዛሬ ተቀበሩ። ድንኳኑ ሄዷል፣ አግዳሚዎቹም፣ ጀበናውም። እኛም ለቅሶ ደርሰናል።

አስከሬኑን ሲያወርዱ ነበርን። ደረጃው ጠባብ ነው። በየመታጠፊያው ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ ማቆም ግድ ሆነ። ልጃቸው ከፊት ነበር የያዘው። ይሄን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማታ ኤግዚቢሽኑን እናራዝም ወይ ብለን ተነጋገርን። ጋሼን ጠየቅናቸው። ቤተሰቡን አነጋግረው መጡ። "ሙዚቃና ማይክ ይቅር። ሥራችሁን አሳዩ። ሠልስቱ ቅዳሜ ነው፣ ከዚያ ድንኳኑን ትወስዳላችሁ።" ማይኩ ተሰረዘ። ለነገሩ አልወደድኩትም ነበር።

ታኅሣሥ 10፣ ቅዳሜ

ድንኳን የለም። መቆሚያዎቹ ግቢው ላይ በራሳቸው ቆሙ። ፀሐይ የማይወዱትን፣ የተማሪዎቹን የቀለም ሥራዎች፣ የጋራ መገልገያው ቤት ውስጥ አስገባን። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛዋን ነቅላ ማምጣት ስለማትችል አርክቴክቱ በሙሉ መጠኑ በካርቶን ሠርቶላታል፣ ይታጠፋል ይዘረጋል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መጀመሪያ የመጡት ልጆች ናቸው። ጋሪው ላይ ሰልፍ ሆነ። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ስለ ብሬኩ አስረዳ፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ለሚመጣው ሁሉ ማስረዳት ያዙ። ከሰልስት የሚመለሱ ሰዎችም ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ገባ ብለው አዩ። ዝም ብለው ነው የሚያዩት። ማይክ ባለመኖሩ ደስ አለኝ።

"ቅናሽ አለው?" የሚል ጥያቄ እንደፈራነው መጣ። ማስጫውን ሦስት ሴቶች ከበው ሲከራከሩ ብየዳው ልጅ ላብ በላብ ሆነ። በሕይወቱ ስለሠራው ዕቃ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። አንዷ "ቱቦው ለምን ወደ ግራ? የኔ ባልዲ በቀኝ ነው" አለችው። ግራና ቀኝ የሚገለበጥ ማድረግ እንደሚቻል እዚያው ቆሞ አሰበ።

አንድ ትልቅ ካርቶን ባዶውን ትተን ነበር፣ "ቤታችንና ግቢያችን ላይ ምን ያስቸግራል?" የሚል ርዕስ ያለው። እርሳስ በሲባጎ ታስሮለታል። ስለ ውሃና ስለ መብራት ይጻፋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ተጽፏልም። ግን እስከ ምሽት ድረስ ከግማሽ በላይ የሞላው ስለ ደረጃው ነው። ነፍሰ ጡር እንዴት ትውረድ። ስትሮክ የመታው ሰው። ሶፋ በገመድ በበረንዳ። ሁለት ሰዎች የሐሙሱን ጻፉ፣ ስም ሳይጠሩ። አንዱ ልጅ ብሎክ ስሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ክብ አደረገ።

ታኅሣሥ 11፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑ ቆመ። ዛሬ የውይይት ቀን ነው።

ፔቻ ኩቻ የሚባል ነገር አለ፣ ቶኪዮ ውስጥ ሁለት አርክቴክቶች እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት። ተናጋሪ 20 ምስል ያሳያል፣ ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ፣ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ ያልቃል። አዲስ አበባም ተደርጓል። ጥሩ ነው፣ ዲዛይነር ወሬ እንዳያበዛ። እኛ ግን ፕሮጀክተር የለንም፣ ቢኖርም በቀን አይታይም፣ ሽማግሌ ንግግርም በሰከንድ አይቆረጥም። በቡናው ከፈልነው። አቦል ላይ ብየዳው ልጅና ባለ ጋሪው፣ ቶና ላይ ልብስ ሰፊዋና የምድጃዎቹ ሴቶች፣ በረካ ላይ ክፍት ጥያቄ። ዕቃህን ይዘህ ትቆማለህ፣ ትናገራለህ፣ ቡናው ሲቀዳ ትጨርሳለህ።

ልብስ ሰፊዋ መናገር አልፈለገችም። ተነስታ ጠረጴዛውን አወረደች፣ ጨርቅ ዘረጋች፣ ቆረጠች፣ መልሳ አነሳችው። በመስታወቱ ነጠላዋን አስተካከለችና ተቀመጠች። ከንግግሮቹ ሁሉ ያሸነፈው እሱ ነው።

በረካ ላይ ወሬው ወደ ደረጃው ሄደ። ጋሼ ተነሱ። ዕድሩ ድንኳንና ድስት ገዝቷል፣ ሰው ከፎቅ የሚያወርድበት ግን የለውም አሉ። አርክቴክቱ የመታጠፊያውን ስፋት በጠመኔ መሬት ላይ ሣለ። ብየዳው ልጅ ውስጡ ገብቶ ቆመ። አንዷ ነርስ ጎረቤታችን ቃሬዛ ብቻ እንደማይበቃ አስረዳች፣ የታመመ ሰው ተቀምጦ የሚወርድበት መሆን አለበት፣ ቀበቶ ያለው፣ ከፊትም ከኋላም የሚያዝ። ወንበር የሚሆን፣ ተዘርግቶ ደግሞ ቃሬዛ የሚሆን። ሊስትሮው የሳጥኑን ማንገቻ አሳያቸው፣ የመኪና ቀበቶ የት እንደሚገኝ ያውቃል፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ።

እኔ ማስታወሻ እየያዝኩ ነበር። ፖስተሮቻችን የት እንደተሰቀሉ ማንም የጠየቀ የለም። አስተማሪዋ ወደኔ ዘንበል ብላ "ስፖንሰሩ ቢኖር ስፒከሩ ይሄን አያሰማም ነበር" አለች። ቀጥላ ግን "ቀለሙስ?" አለች።

ታኅሣሥ 14

አፈረስን። አጣናውን ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀመጥን፣ ባልዲዎቹ ተመለሱ። ፍሌክሱን ለጉልቷ እትዬ ሰጠናት፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆኖ ጥላ ሆኗታል። ካርቶኑን ቆራሌው መልሶ ገዛን፣ በሸጠልን ዋጋ ግማሽ። የችግሩን ካርቶን ግን አልሸጥንም፣ ዕድር ቤት ነው ያለው።

ሒሳቡ 600 ብር ጎደለ፣ ቅዳሜ ማታ ለሸራ ወጥቷል። አራታችን ሞላነው። ማስጫው ሰባት ትእዛዝ አግኝቷል፣ ሁለቱ ቱቦው በቀኝ በኩል።

ታኅሣሥ 25፣ እሑድ

የዕድር ስብሰባ። ብየዳው ልጅ በፌሮ የሠራውን ሙከራ አመጣ። አርክቴክቱ ቁጭ አለበትና ከአራተኛ ፎቅ አወረዱት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እጀታው ግድግዳውን ነካ። አራት ጣት ማጠር አለበት። ክብደቱም በዛ፣ በቱቦላሬ ይሠራ ተባለ።

አንድ ሰው ይሄ የዕድር ሥራ ነው ወይስ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ብሎ ጠየቀ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ቁሳቁሱን ዕድሩ፣ የእጅ ዋጋውን ማኅበሩ እንዲከፍል ተወሰነ፣ ማኅበሩ ከተስማማ። ብየዳው ዋጋውን ሐሙስ ያቀርባል። ቀበቶውን ሊስትሮው ይፈልጋል። ድንኳኑ ለጥር ሰርጎች ስለተያዘ ቀጣዩን ኤግዚቢሽን ለየካቲት አስመዘገብን። ሌላ ብሎክ ያሉ ልጆች እኛ ጋ ይሁን ብለው እየተከራከሩ ነው።